ነጭ አደይ

መስከረም 5 ቀን 2011፣ ደብረ ታቦር

ጡረታ ወጣሁ። ዕድሜ ልኬን ካርታ ላይ በእንጨት ስጠቁም ለኖርሁበት ውለታ ትምህርት ቤቱ አንድ ተች ስልክ ሸለመኝ። ርእሰ መምህሩ ሲናገር «መምህር አስማማው በካርታ ያሳዩንን አገር ከእንግዲህ በእግራቸው ይዞሩታል» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። ስለ ጉልበቴ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ንግግሩን የምር የወሰደችው ጥሩነሽ ብቻ ናት። ባለቤቴ ከደብረ ታቦር ኢየሱስ አልፎ መሄድን እንደ ውጭ አገር የምትቆጥር ሴት ናት፤ ዘመድ ልንጠይቅ ወረታ የወረድን ለት እንኳ ገና ሳንቀመጥ «መሸ፣ እንነሣ» ትላለች። ዛሬ ራት ላይ ግን፣

«እውነቱን ነው፤ እንዙር» አለችኝ።

«የት?»

«ቅርብ ቅርቡን። ሐሙሲትን፣ ጉናን፣ አንበሳሜን። ጊዜ ሳይሄድ።»

«ጡረተኛ ከጊዜ በቀር ምን አለው?» አልኋት። ሞሰቡን አነሣች። ክርክሩን ያሸነፍሁ መሰለኝ፤ ስለዚህ ተስማማሁ።

ኳታር ያለችው ልጃችን ምስጋና በኢሞ ስትሰማ ደስታዋን አልቻለችውም። በየሳምንቱ ፎቶ ይላክልኝ ብላለች። እንግዲህ ተጓዥ ሆኛለሁ፤ ይህን ደብተር የጀመርሁትም ለዚሁ ነው። የጎደለኝ ባርኔጣ ብቻ ነው።

መስከረም 8

የመጀመሪያ ፎቶዎቼን ከከተማው በላይ ካለው ጋራ ላይ ሆኜ አነሣሁ። ጥሩነሽ አይታ «ከተማው ወደ ወረታ ሊፈስ ነው እንዴ?» አለች። እውነትም ዘሟል። በቀኝ በኩል ያለው ደብዛዛ ጉብታ ተራራ መስሎኝ ነበር፤ አውራ ጣቴ ነው። ለምስጋና ላክሁላት። «አባዬ፣ ጣትህ ደህና ናት፤ አየኋት። እማዬስ?» ብላ መለሰች።

ይህን ሽሙጥ ከማን እንደወረሰችው አላውቅም።

መስከረም 9

ስርጉት ዘንድ ሄድሁ። ቤይሩት ብዙ ዓመት ሠርታ ተመልሳ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ቤት ከፍታለች። ዘጠነኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ። ፎቶ ማስተካከያውን ስልኬ ላይ ጫነችልኝና ትምህርቱን ጀመረች።

«መምህር፣ በቅድሚያ አድማሱን ያቅኑ።»

አድማስ ምን እንደሆነ ያስተማርኋት እኔ ነኝ። ይሁን። አቀናሁ። ቀጥሎ የማያስፈልገውን መቁረጥ። አውራ ጣቴ ተቆረጠ፤ ደም የለም።

«ደግሞ ዋናውን ፎቶ አይንኩት፤ ሁልጊዜ ቅጂው ላይ ይሥሩ» አለችኝ።

ቅጂ ለሚሳሳት ሰው ነው። እኔ እላዩ ላይ አስቀምጣለሁ።

መስከረም 11፣ ሐሙሲት

ትናንት ለገበያው ደረስን። እኔ በጎቹንና የበርበሬውን ክምር ሳነሣ ጥሩነሽ ከቆመ ሚኒባስ ጥላ ሥር ተቀምጣ ዋለች። «አንተ አንሣ፤ እኔ አያለሁ» አለች። አገር ካልዞርን ብላ ያስወጣችኝ እሷ፣ ደረቴን ነፍቼ የምዞረው እኔ።

ምሳ ጥብስ አዘዝን። አንዴ ጎርሳ ትሪውን ወደ እኔ ገፋችው። «ቅባቱ ይከብደኛል።» የመንገድ ዳር ጥብስ የማይከብደው ማን አለ ብዬ ድርሻዋን በላሁላት። ለትዳር ሲባል የማይደረግ የለም።

አልቤርጎው ቁንጫ አለበት። ሌሊቱን ሙሉ ስታክ አደረች፤ ክንዷ ተልጦ ነጋ። እኔን አንድም አልነከሰኝም። የሐሙሲት ቁንጫ ሴት ይመርጣል ማለት ነው። ባለቤቱን ጠርቼ ተቆጣሁት። ሰውዬው ፍራሹን ገልብጦ አሳየኝ፤ ምንም የለም። «ሸሽተው ነዋ» አልሁት።

መስከረም 13

ሳቹሬሽን የሚባል ነገር ተማርሁ። ወደ ቀኝ በጎተትኸው ቁጥር ቀለሙ ይደምቃል። እስከ መጨረሻው ጎተትሁት። ሰማዩ ቀለም የተደፋበት መሰለ፤ ሜዳው የቢራ ጠርሙስ ሆነ።

ስርጉት አየችውና «መምህር፣ በጎቹም አረንጓዴ ሆነዋል» አለች።

«ሣር በልተው ነው።»

መልሼ ግማሽ ላይ አደረግሁት። ችግሩ ግን የጥሩነሽ ፊት ነው፤ ቢጫ ይወጣል። ስርጉት «ሙቀት» የሚለውን ወደ ግራ መሳብ አሳየችኝ፤ ስስበው ፎቶው ይቀዘቅዛል፣ ቢጫው ይሸሻል። ከዚያ የጥሩነሽን ፎቶ አስፍታ ብዙ ቆየችበት።

«እትዬ ጥሩነሽ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናት። ስልኩ ነው።»

ስለ ቀለም ልማር ሄጄ ስለ ጤና ተጠየቅሁ። ሐኪም ልትሆን ትችል ነበር፤ ፊዚክሷ ነው ያስቀራት።

መስከረም 14

የቁንጫ መድኃኒት ገዛሁ። ከሐሙሲት ይዘነው መጥተናል፤ እቤትም ታካለች። አልጋውን፣ ጋቢውን፣ ደርቡን ሁሉ ነፋሁበት። እኔ አነጠስሁ። እሷ አከከች።

መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት

ጉና ሥር ውለን ገባን። በሚኒባስ እስከ ክምር ድንጋይ ከተማ፣ ከዚያ በባጃጅ መንገዱ እስከ ፈቀደልን። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፤ የደጋው ተክል ጅብራ ግን ብርዱን ከቁም ነገር ሳይቆጥር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ዳገቱ ሥር ያለው መስክ አደይ ብቻ ነው።

ጥሩነሽ ለመስቀል ያሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ ነበር። ሰፊው ሁለት ሰው የሚያስገባ አድርጎ ሰፍቶላታል። «ልክሽን አልወሰደም እንዴ?» ብላት «ሐምሌ ላይ ወስዷል» አለችኝ። እንግዲህ ሐምሌና መስከረም መካከል ሜትር የሚረዝም ከሆነ ይህም በጂኦግራፊ ያልተማርነው ነው። በመቀነት ጠፍንጋ አሰረችው።

አደዩ መካከል ገባች። ዳገቱን ቀና ብላ ስታይ ቆየችና «እዚህ አንሣኝ» አለች። ስንት ዘመን አብረን ስንኖር አንሣኝ ብላ አታውቅም፤ ሠርጋችን ላይ እንኳ አንገቷን ደፍታ ነው የወጣችው። አነሣኋት። መንገድ የሚያልፍ ሰው ለምነን ሁለታችንንም አብሮ አነሣን።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ፣

«ፊቴን አሳምርልኝ እሺ? ልጅቷ እንዳትደነግጥ» አለችኝ።

በስተርጅና ቁንጅና መጣ። «እመቤቴ ሆይ፣ እንደ ሙሽራ አደርግሻለሁ» አልኋት። አልሳቀችም፤ ተኝታ ነበር።

መስከረም 22

ጎረቤታችን ወይዘሮ አበበች አጥር ሥር ቆማ ከሌላ ሴት ጋር ስታወራ ሰማሁ። ልሰማ ብዬ አይደለም፤ አጥሩ ዘንድ ሥራ ነበረኝ።

«ዓይኗን አይተሽዋል? የወፍ በሽታ ነው። ሰውዬው ፎቶ ያነሣል።»

የወፍ በሽታ። አበበች ሳል የሰማች ለት ነቀርሳ ነው፣ ያነከሰ ያየች ለት ሪህ ነው ትላለች። እንደ እሷ ቢሆን ይህ ሰፈር ገና ድሮ አልቋል። ወፏ ያለችው አበበች ምላስ ላይ ነው።

«ሰውዬው ፎቶ ያነሣል» ማለት ምን ማለት ነው? አዎ ያነሣል። ጡረተኛ ነው። ምን ያድርግ?

መስከረም 24፣ ማታ

ስርጉት ዛሬ ያስተማረችኝ ከእስካሁኑ ሁሉ ይበልጣል። ፎቶው ውስጥ ነጭ መሆኑን በእርግጥ የምታውቀውን አንድ ነገር ትመርጣለህ፤ በጣትህ ትነካዋለህ፤ ስልኩ እሱን ነጭ አድርጎ ሌላውን ቀለም ሁሉ በእሱ ይዳኛል። ፍርድ ቤትም እንዲህ ያለ ነገር ቢኖረው እላለሁ።

ሁለታችን አደዩ ውስጥ የቆምንበትን ፎቶ አወጣሁ። የጥሩነሽን ነጠላ ነካሁ። ነጠላው ነጣ። ደመናው ነጣ። የእኔም ዓይን ነጣ፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ። የእሷ ዓይን ባለበት ቀረ።

ደመናውን ነካሁ። ያው ነው። ከኋላችን አንዲት ነጭ በግ አለች፤ እሷንም ነካሁ። በጓ እንደ ጥጥ ነጣች። የእሷ ዓይን ያው። ከጉንጯ በታች ያለው ቆዳም፣ አንገቷም።

ጥሩነሽ አጠገቤ ጋደም ብላ ነበር። «ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትጎረጉረው?» አለች።

«ስልኩ የሐበሻ ዓይን አይገባውም። የፈረንጅ ዓይን አይቶ ነው የተሠራው።»

«እንዲያ ነው?» አለች።

እንዲያ ነው። የእኔን የሐበሻ ዓይን ታዲያ እንዴት አወቀው? ይህን ጥያቄ ለነገ።

መስከረም 25

ለነገ ላልሁት ጥያቄ ዛሬ ጊዜ አላገኘሁም። ጡረታ ሥራ ያበዛል።

መስከረም 26

መላ አገኘሁ፤ ያለ አስተማሪ፣ በራሴ። ማስተካከያው ውስጥ ቀለሞችን አንድ በአንድ የሚያሳይ ቦታ አለ፤ ቢጫን ብቻ መርጠህ ታጠፋለህ። አጠፋሁት። ዓይኗ ነጣ፣ ፊቷ ጠራ፣ ዐሥር ዓመት ወጣትነት ተመለሰላት። ከሐሙሲት ጀምሮ ያሉትን ሁሉ በዚሁ አስተካክዬ እላያቸው ላይ አስቀመጥሁ። የጉናውን ለምስጋና ላክሁ። ሐኪም ቤት የማይችለውን በአንድ ጣት ሠራሁ።

ማታ ደወለች።

«አባዬ፣ ዘንድሮ አደይ ነጭ ነው እንዴ?»

አየሁት። እውነትም አበባው ሁሉ ነጭ ሆኗል፤ አመድ የነካው ነጭ። የሷን ዓይን ሳይ አበባውን አላየሁትም።

«ጉና ሥር ነጭ ይሆናል፤ ከፍታው ነው» አልኋት።

ዕድሜ ልኬን ያስተማርሁትን ጂኦግራፊ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሸጥሁት።

«እማዬን አቅርብልኝ» አለች። ጥሩነሽ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ስባ፣ መብራቱን በጀርባዋ አድርጋ አወራቻት። እንዲህ ስታወራ የመጀመሪያዋ አይመስልም።

ጥቅምት 1

አንበሳሜ አልደረስንም። ሄደን ነበር። መንገድ ላይ ብርድ ያዛት፤ በጠራራ ፀሐይ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ሾፌሩን አስቆምሁት። የሚመለስ መኪና ለምነን ተመለስን። ፎቶ አላነሣሁም።

ጥቅምት 2

ሌሊቱን አተኮሳት። ማለዳ ረገበላት። ሻይ አፍልቼ አቀረብሁላትና «ጉንፋን ነው፤ የጉና ብርድ ነው» ብዬ ጀመርሁ። ስልኬን አንሥቼም ፊቷን ፎቶ ላነሣ ስል እጄን ያዘችው።

«ስልኩ አይደለም።»

ስልኩን አልጋው ላይ አኖርሁት።

«አንተም ታውቃለህ ስልኩ እንዳልሆነ።»

«መቼ ጀመረሽ?»

«ቆይቷል። በለጠችን ታስታውሳለህ?» እህቷ ናት። «እንዲሁ ቢጫ ሆና ሆስፒታል አስገባናት፤ ቀደዷት፤ ሬሳዋን ተረከብን። እኔ ጣሪያ እያየሁ ከምሞት አገር አይቼ ልሙት አልሁ። ርእሰ መምህሩ ያን ሲናገር እግዜር ነው ያናገረው አልሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«በየቀኑ እያየኸኝ፣ አተልቀህም አሳንሰህም እያየኸኝ፣ ምን ብዬ ልንገርህ?»

ጉዞው የእኔ መስሎኝ ነበር። እኔ ስልክ ተሸካሚ ነበርሁ።

የመለስሁላትን እዚህ አልጽፍም፤ የሚጻፍ አልነበረም። ብቻ «ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አልኋት፤ «ማየት ብቻ» አለች።

ጥቅምት 3

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ትሑት። የዓይኗን የታች ቆብ ገልጦ አየ፣ ሆዷን ዳሰሰ።

«እናት፣ ሰውነት ያሳክክዎታል?»

«ያሳክከኛል።»

እዚህ ላይ ስለ ሐሙሲት ቁንጫ ልናገር ነበር። አፌን ዘጋሁ።

«ዓይንዎ ቢጫ መሆን የጀመረው መቼ ነው?»

«ፎቶ አለን» አልሁ፤ ጉሮሮዬን አጥርቼ። ስልኬን ከፍቼ ሰጠሁት። አንድ በአንድ አየ። ሐሙሲት፣ ጉና፣ አደይ።

«በእነዚህ ላይ ዓይናቸው ነጭ ነው፣ አባት።»

«አስተካክዬው ነው።»

«ምኑን?»

«ዓይኗን።»

አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ዋናዎቹስ አለ፤ የሉም አልሁ። የሚስቴን ሕመም ከሐሙሲት እስከ ጉና በቅደም ተከተል፣ በንጽሕና፣ አንድም ሳላስቀር አጥፍቻለሁ። ከዚህ ይልቅ አውራ ጣቴን ባነሣ ይሻል ነበር።

ጥሩነሽ ናት የመለሰችለት። «ነሐሴ ላይ ነው ዶክተር። ከቡሄ በፊት።»

ነሐሴ ስልኩ አልነበረኝም። ዓይን ግን ነበረኝ።

ጥቅምት 5፣ ባሕር ዳር

ወደዚህ ላኩን። በመሣሪያ አዩዋት። የሐሞቱን መውረጃ የዘጋ ነገር አለ አሉ። «ጠጠር ሊሆን ይችላል፤ ሌላም ሊሆን ይችላል፤ ካልተከፈተ አይታወቅም።» «ሌላም» የሚለውን ቃል የፈጠረው ሰው ሐኪም መሆን አለበት።

ጥሩነሽ «አልከፈትም» አለች። ለመንሁ። «በለጠች» አለች። ሐኪሙ አስረዳ፤ አንገቷን ነቅንቃ ሰማችው፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው፣ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።

መውጫ አጥቼ ያለኝን አንድ ነገር አደረግሁ። አልጋው ላይ እንዳለች አነሣኋት። መስኮቱ ዘንድ ስለሆነች ብርሃኑ ፊቷ ላይ ነበር። ምንም ሳልነካ ለምስጋና ላክሁት። አድማሱንም አላቀናሁ።

ከቆይታ በኋላ በጽሑፍ መጣ። «አሁን እናቴን አየኋት።»

ከዚያ ደወለች። ስልኩን ለጥሩነሽ ሰጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምሁ። በሩ ስላልተዘጋ ይሰማል።

«እማዬ፣ ሥራዬን ጥዬ ነገ እመጣለሁ።»

«ምን ልትሠሪ?»

«ላይሽ።»

«በዚህ ታይኝ የለ?»

«በዚህስ አባዬ ይደብቅሻል።»

ጥሩነሽ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ሰንብቼ ነበር። በኋላ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ሁለቱም አለቀሱ መሰለኝ። ስገባ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች ነው።

«ለልቅሶ እንድትመጣ አልፈልግም» አለችኝ። «ስድን ለጥየቃ ትምጣ። በላቸው፤ ይክፈቱኝ።»

ጥቅምት 9

አስገቧት። ጫማዋን ሰጡኝ።

ጸለይሁ። ቃሉ ጠፋብኝ። አቡነ ዘበሰማያትን ከመካከሉ ጀመርሁት።

አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ከፎገራ ነው፤ ወንድሙ ውስጥ ነው። «የእርስዎ ምን ናቸው?» አለኝ። ሚስቴ ናት አልሁት። «አይዞዎት» አለኝ። ለወጉ «አይዞህ» ማለት ነበረብኝ። አልወጣልኝም።

አንዲት ነርስ ወጣች። ለእኔ አይደለም።

አሁንም አልወጡም።

ጥቅምት 10

ጠጠር ነው። ሐኪሙ ሲነግረኝ «ሌላምስ?» አልሁት። «ሌላ የለም፣ አባት። ጠጠር ብቻ ነው። ትንሽ ቢቆዩ ግን…» ብሎ ተወው። ጨርሶ ቢናገረኝ ይገባኝ ነበር፤ እሱ ግን ጨዋ ልጅ ነው።

ነቅታ የመጀመሪያ ቃሏ «ውኃ» ነው። ሁለተኛው «ቀደዱኝ?» ነው። ቀደዱሽ አልኋት። «ታዲያ አለሁ?» አለች። አለሽ።

ጥቅምት 15

ነገ ወደ ቤት እንሄዳለን። ዓይኗ በየቀኑ ይጠራል። ማሳከኩም ተዋት፤ ቁንጫው ሐሙሲት ተመለሰ እንበል። ትናንት አጥሚት አሟጥጣ ጨርሳ «ጨው የለውም» አለች። ነቀፌታ ከጀመረች ድናለች።

ዛሬ ከቀትር በኋላ የነቃሁት በሳቋ ነው። አልጋዋ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ እንቅልፍ ጥሎኝ ኖሯል። ስልኬ እጇ ላይ ነው።

«ምን ታደርጊያለሽ?»

«ፎቶ አነሣሁህ። የቀዶ ጥገናው ለትም ነርሷን ለምኜ ‹በር ላይ ያለውን ሰውዬ አንሺልኝ› ብያት፣ ደህና መሆንህን ላይ ብዬ፣ በራሷ ስልክ አንሥታልኛለች፤ ዛሬ ወደዚህ ላከችው። ሁለቱንም አሁን አየኋቸው።»

ተቀብያት አየሁ። የዛሬው አፉን ከፍቶ የሚያንኮራፋ ጺማም ሽማግሌ ነው። የቀዶ ጥገናው ለት ያለው ሌላ ነው። ሰውዬው በር ሥር ቆሟል፤ የሴት ፕላስቲክ ጫማ ደረቱ ላይ በሁለት እጁ አቅፏል፤ ዓይኑ ወደ በሩ ፈጧል። ብዙ ተማሪ ፈተና ክፍል በር ላይ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ፊት ግን አላየሁም።

«ይህን አጥፊው» አልኋት።

«ለምስጋና ልኬዋለሁ።»

«መቼ?»

«ስታንኮራፋ።»

ልወቅሳት አፌን ስከፍት ስልኩ ጮኸ። ምስጋና ናት፤ በጽሑፍ።

«አባዬ፣ ይህን ያህል ፈርተህ ነበር?»

መልስ መጻፍ ጀመርሁ። ነርሷ ብርሃኑን በደንብ አልያዘችውም ብዬ ጻፍሁ፤ አጠፋሁት። ኮሪደሩ ይበርዳል፣ ሰው ሲበርደው እንዲያ ይመስላል ብዬ ጻፍሁ፤ እሱንም አጠፋሁት። ጥሩነሽ ትራሷን ተደግፋ ጣቴን ታያለች።

«አዎ» ብዬ ላክሁላት።